በቆዳ የገባው ቅቤ

መካኒሳ የተከራየሁትን ክፍል ከአከራዬ ሹሩባ ቤት የሚለየው አንድ ኮምፔርሳቶ ብቻ ነው። እኔ የተማሪ ፈተና ሳርም ከወዲያ ማዶ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደፈታ፣ የማን ባል ለቡ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ከሚስቱ እንደደበቀ እሰማለሁ። እነሱም በበኩላቸው የነገውን ትምህርት ጮክ ብዬ ስለምለማመድ፣ ስለ አቶም ከብዙዎቹ ተማሪዎቼ የተሻለ ያውቃሉ።

አከራዬ ሃምሳን የተሻገሩ ሴት ናቸው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጭንቀታቸው አንድ ነበር፤ ጣታቸው። ችፌ ይዟቸው የሁለቱም እጆቻቸው ጣቶች ተሰነጣጥቀዋል። ደንበኞቻቸው ጣቱን አይተው “እጅዎን ያሳርፉ እንጂ እትዬ” ይሉና በአክብሮት ሌላ ቤት ይሄዳሉ። ይህንንስ ይችሉታል። የማይችሉት ሌላ ነው፤ አንዲት ልጃቸው ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ነው። የመልሷን ዕለት ሹሩባ ከእኔ ሌላ ሰው አይሠራትም ሲሉ የኖሩት ልጅቷ ፀጉር ካበቀለችበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

ክሊኒክ ሄደው ነበር። ሐኪሙ የሚቀባ መድኃኒት ሰጣቸውና ከሳሙናና ከውሃ ይራቁ አላቸው። “ከሳሙናና ከውሃ የራቀች እናት ካለች አሳየኝ” ብለው መድኃኒቱንም ምክሩንም ተዉት። ከዚያ ከእናታቸው የተማሩትን ያዙ፤ የተወቀጠ ጥቁር አዝሙድ በለጋ ቅቤ ለውሰው፣ ሥራ ሲጨርሱ ተቀብተው፣ ፌስታል አጥልቀው መቀመጥ። ጾሙ ሳይጋመስ ስንጥቁ መግጠም ጀመረ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን በራፉ ላይ ቆሜ ሻይ ስጠጣ፣ ተራ ከሚጠብቁት ሴቶች አንዷ “እንዲያው እትዬ፣ የሚያድነው አዝሙዱ ነው ቅቤው?” ብላ ጠየቀች። እንዲህ ያለ ጥያቄ እየሰማሁ ዝም ማለት የትም አልተማርኩም።

“ሁለቱም!” አልኩና ገባሁ። ቆዳ የብሎኬት ግንብ ነው አልኳቸው። ብሎኬቱ የሞተ ሕዋስ ነው፤ በመሃል ያለው ሲሚንቶ ደግሞ ስብ ነው። አብዛኛው የቅጠልና የሥር መድኃኒት ብቻውን ሲመጣ ስቡ አያሳልፈውም።

“ምሳሌ ስጠን፣ መምህር” አሉ አከራዬ፣ ከያዙት ፀጉር ቀና ሳይሉ።

“ጉዳይ ይዛችሁ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ እንበል። ዘበኛው ‘ስብሰባ ላይ ናቸው’ ብሎ ይመልሳችኋል። ውስጥ የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ ግን ክንዳችሁን ይዞ ያስገባችኋል። መድኃኒቱ እናንተ ናችሁ። ቆዳ ዘበኛው ነው። ቅቤው ዘመድ ነው።”

በማስተማር ሕይወቴ እንዲህ ባንዴ የገባው ክፍል ገጥሞኝ አያውቅም። አንዷ አጨበጨበች። እኔም ተበረታታሁና ቀጠልኩ። ዛሬ በትልልቅ ቤተ ሙከራዎች ተመራማሪዎች የዕፅዋት መድኃኒትን በዓይን በማይታዩ የስብ እንክብሎች እየጠቀለሉ በቆዳ ለማሳለፍ እንደሚደክሙ፣ የእትዬ ቅባትም የዚያው ታላቅ እህት እንደሆነ አስረዳሁ።

“ዘመድየው አስገብቶት ይመለሳል?” አለች ፀጉሯ በግማሽ የተሠራው ሴት።

“አይመለስም። አብሮ ይገባል።”

“ቅቤው?”

“ቅቤው!” አልኩ በደስታ።

“ጾም ነው እኮ” አለች።

አከራዬ ጣቶቻቸውን ከፀጉሯ አውጥተው እንደ ሌባ እጅ አዩዋቸው። ጥግ ላይ የተቀመጠች ሴት ቅቤ የጠጣ አናቷን ቀስ ብላ በነጠላዋ ሸፈነች። “በጣም ጥቂቱ ነው፣ የሚቀረውም ላይ ላዩን ነው” ብዬ ብጀምር “ቅድም ይገባል ብለሃል” ተባልኩ። በዚያው ቤት ከማለዳው ጀምሮ የአንዲት ጎረቤት ትዳር ሥጋው እስኪያልቅ ሲበላ ነበር፤ እሱ ጾም ያስገድፋል ያለ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅቤው ቀረ፤ የገጠመውም ስንጥቅ እንደገና ተከፈተ። አከራዬ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱና ሲመለሱ የሆነውን ነገሩኝ።

“አባ ‘መድኃኒት ነው፣ ተቀቢ’ አሉኝ። ደግሞ በቆዳ ይገባል ያለሽ ማነው ቢሉኝ፣ መምህሩ አልኩ። ‘መምህሩ ትምህርት ቤት የለውም? ይልቅ በእጅሽ የሚገባውን ትታችሁ እዚያ ቤት ከአፋችሁ የሚወጣውን ጠብቁ’ አሉ።”

“ታዲያ ተፈቀደልዎት!”

“ተፈቀደልኝማ። ግን ስቀባው ጣዕሙ ይመጣብኛል። እዚህ፣ ጉሮሮዬ ላይ። ያስገባኸው አንተ ነህ፣ አንተው አውጣው።”

ጥፋቱን በሥርዓት ለማረም ተነሣሁ። ከእንስሳ ያልሆነ ቅባት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ቫዝሊን አመጣሁ።

“ይኼ ከምንድን ነው የሚሠራው?” አሉ።

“ከነዳጅ።” እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር።

“ነዳጅስ?”

“ነዳጅማ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባሕር ውስጥ ከሞቱ ጥቃቅን ፍጥረታት...”

“ቲቸር!” ብላ ልጃቸው ከጓዳ ጮኸች። ዘግይታለች።

“በጾም ዓሣ እንኳ የማልበላ ሰው፣ የስንት ዘመን ሬሳ ልቀባ?” አሉና ብልቃጡን በሁለት ጣት ይዘው መለሱልኝ።

ቀጥሎ የኑግ ዘይት ሞከርን። ኑግ ጾም ነው፤ ማንም አይከራከርም። ግን ጣት ላይ አይቆይም፤ የደንበኛ አንገት ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ከሰፈራችን ጠጅ ቤት ሰም ለመንኩና በኑግ ዘይት አቀለጥኩት፤ አዝሙዱን ጨመርኩበት። ሲቀዘቅዝ ልክ እንደ ቅቤ ረጋ።

አከራዬ አሸተቱት። “ሰምስ ከምንድን ነው?”

አፌን ከመክፈቴ ልጅቷ እግሬን ረገጠችው። “ጧፍ የሚሠራበት ነው፣ እማዬ።”

“ቤተ ክርስቲያን የሚበራው?”

“እሱው።”

“ታዲያ እንዲህ አትለኝም፣ አንተ ልጅ!” ብለው ጣታቸውን ነከሩ። ንቧ ሰሙን ከሆዷ ሥር እንዴት እንደምታወጣው የሚያስረዳ ጥሩ ማብራሪያ ነበረኝ፤ እስከ ዛሬ አልተጠቀምኩበትም።

እጃቸው እየተሻለው ሄደ። አንድ ተማሪ ይህን እንደ ሙከራ ቢያቀርብልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር። ምክንያቱም በዚያው ሰሞን ልጅቷ ልብስ ማጠቡንና ዕቃ ማጠቡን ከእናቷ ነጥቃለች፤ የሐኪሙ ምክር ሳይታሰብ ተፈጽሟል ማለት ነው። ሰሙ ይሁን፣ አዝሙዱ ይሁን፣ ከሳሙና መራቁ ይሁን የትኛው እንደረዳቸው አላውቅም። እንደማላውቅ ለሴቶቹ ብነግራቸው ከምንም በላይ የተደሰቱት በዚህ ነው።

ፋሲካ አለፈ፤ ሠርጉም ሆነ። በመልሱ ዕለት ሙሽራዋ ከባሏ ቀድማ በጠዋት እናቷ ቤት መጣችና በጉልበታቸው መሃል ተቀመጠች። የእናቷ ጣቶች ቁስል ደርቋል፤ የቀኙ አውራ ጣት ብቻ አልገጠመም ነበርና ፕላስተር አድርገውበታል። ፕላስተሩ በየጉንጉኑ ፀጉር እየያዘ አስቸገረ።

“እማዬ፣ ነጨሽኝ!”

“ቻይ። አንቺን ስወልድ እኔ አልጮህኩም።”

“ጮኸሻል፣ አክስቴ ነግራኛለች።”

“ውሸቷን ነው!” አሉ፤ አክስትየዋ ደግሞ ከድንኳኑ “ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል!” ብላ መለሰች። ከዚያ ገብታ እጃቸውን አየችና ሳቋን ተወች። “በቃ እቴ፣ የቀረውን እኔ ልጨርሰው፤ ሰዎቹ ሊደርሱ ነው።”

“ሂጂ፣ ወጡን እዪ።”

ፕላስተሩን በጥርሳቸው ገንጥለው ጣሉትና በባዶ ጣታቸው ቀጠሉ። የሙሽራው መኪኖች ጥሩምባ ከመንገዱ ሲሰማ የመጨረሻውን ጉንጉን እያሰሩ ነበር። ከጆሮዋ በላይ በተከፈለው ፀጉር መስመር ላይ ቀጭን ደም ታየ፤ የእሷ አልነበረም። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ አውራ ጣታቸውን በዚያው ጠቀለሉት፣ “መስተዋት አምጡላት” አሉ።