በአባቴ ጭብጥ ልክ

የልጅ ልጄ ትኩስ ፉርኖ ዳቦ ገዝታ ስትገባ ጠረኑ ቤቱን ሞላው። ለእኔ ግን ቁራሿን በሚዛን ለክታ ነው የምትሰጠኝ፤ ስኳር አለብኛ። «እማማ፣ ካርቦሃይድሬቱን መቁጠር አለብን» ትለኛለች። ስሙ ከቁራሹ ይረዝማል! እስቃለሁ፤ ይህን ቆጠራ ሸዋ ሮቢት ቆላ ውስጥ በልጅነቴ አይቼዋለሁና።

ዘመኑ የጣሊያን ነበር። ጣርማ በር ላይ ተራራው ሲበሳ አባቴን ድንጋይ ያሸክሙት ነበር። አንዳንዴ እንዲህ ያለ ፉርኖ ይዞልን ይመጣል፤ እኛ ልጆቹ ገና ከደጅ በጠረኑ እናውቀዋለን። በኋላ አባቴን የውሃ ጥም ያዘው። ቅል ሙሉ ጠጥቶ አይረካም። ከሳ፣ ጉልበቱ ከዳው፣ ቤት ዋለ።

በሽታውን ያወቀችው ሙስሊሟ ጎረቤታችን ናት። አባቴ ከአጥሩ ጥግ ሽንቱን በሸናበት ቦታ ጉንዳን ጣፋጭ እንዳገኘ ሲርመሰመስ አየች። የእሷም አባት እንዲሁ ሆኖ ነበር የሞተው። «ወላሂ፣ የሚገለው እህሉ ነው» አለቻት እናቴን። «እንጀራውን ከጭብጡ አታሳልፊበት። ጥንቅሽ የሚባል እንዳይቀምስ! ወተት፣ እንቁላል፣ ጎመን ስጪው።»

ከዚያ ወዲህ ገበታ ሲቀርብ አባቴ እጁን ጨብጦ እንጀራው ላይ ያሳርፋል፤ እናቴ ዙሪያውን ትቆርጣለች። ድርሻው ያችው ናት። ጥሙ እየቀነሰለት መጣ።

ይኸኔ ሁዳዴ ገባ። ወተትና እንቁላል ቀሩ፤ ቤት ያለው ሽሮና ንፍሮ ነው። የንስሐ አባቱ ለታመመ ይፈቀዳል ቢሉትም «ጾሜን ሽሬ የማገኘው ዕድሜ ይቅርብኝ» አለ። ጥሙ ተመለሰበት። እናቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ጎረቤታችን ግን ከአባቴም የባሰች ግትር ነበረች። ከጎተራዋ ሰሊጥ አምጥታ፣ ቆልታና ወቅጣ ከጎመን ጋር ለወሰችለት። «ይኸንንም ጾም ያስገድፋል በሉኝ እስቲ!» አለችው። አባቴ ሳቀ፤ በላ። እስከ ፋሲካ ድረስ በየማለዳው የሙቀጫዋ ድምፅ ይቀሰቅሰኝ ነበር። ሙቀጫው ከተሰማ አባቴ አለ ማለት ነው ብዬ ደስ እያለኝ እነሳለሁ። ያቺን ሴት ዛሬም እግዜር ይስጥልኝ እላታለሁ።

ጣሊያን ሲወጣ አባቴ በእግሩ ቆሞ አየ። ጎረቤታችንን ግን በዓመቱ ወባ ወሰዳት። አባቴ ከቀብሯ ሲመለስ ቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ነበር። እናቴ ጣቶቹን አንድ በአንድ ስትፈታቸው አፈር ፈሰሰ።

«ሁሉም መቃብሯ ላይ ሲጥል» አላት፣ «እኔ መጣል አቃተኝ።»