የእህቴ ጩኸት በጉና

ትናንት ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ጦስኝ ከምትሸጥ ሴት አጠገብ ሳልፍ እግሬ ተያዘብኝ። ጦስኙ እርጥብ ጆንያ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ሽታው አፍንጫዬን ሲሞላው ገበያውም የባጃጁም ጡሩምባ ራቁብኝ። ጉና ላይ የቆምኩ መሰለኝ፤ ታላቅ እህቴም አጠገቤ።

እታለም እያልኩ ነበር የምጠራት። ቤታችን ከጉና ተራራ ግርጌ ነው። ገብሱ ማሸት ሲጀምር ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ ወጥተው ይወርዱበታል፤ ስለዚህ ከየቤቱ አንድ ሰው ማማ ላይ ወጥቶ እየጮኸ ያባርራቸዋል። ከእኛ ቤት ሁልጊዜ የምትወጣው እሷ ነበረች። እኔ ዓይን አፋር ነኝ፤ ሰው ይሰማኛል ብዬ ስለምፈራ ድምፄ ከጉሮሮዬ አይወጣም። እሷ ግን «ሃይ! ወግድ!» ያለች እንደሆነ ከወንዝ ማዶ ያሉት ጎረቤቶች «ዛሬ የእኛም ተጠበቀልን» እያሉ ይስቁ ነበር።

«አንቺ ማማ ላይ ብትወጪ ዝንጀሮዎቹ ምሳ ነው የሚጋብዙሽ» ትለኝ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል በጨረስኩበት ዓመት እታለም ልቧን ታመመች። መጀመሪያ ውሃ ስትቀዳ ደከማት፤ ቀጥሎ እግሯ አበጠ፤ ከዚያ ድምፅዋ ሄደ። ሁለት ቃል ተናግራ ለማረፍ ትቀመጥ ነበር። ሐኪሙ ለአባታችን ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልጋት፣ ወረፋው ግን ረጅም እንደሆነ ነገራቸው። እኔም እሷን ለማስታመም ትምህርቴን በዚያው ተውኩት። ማማው ባዶውን ከረመ።

አንድ ቀን ደጅ ፀሐይ እየሞቀች ሳለ፣ «አባባ፣ ጉና ላይ ውሰዱኝ» አለቻቸው።

«በዚህ ደረትሽ?»

«በቅሎ ምን ሠርታ ትበላለች?» አለችና ትንፋሿን ሰበሰበች። «ዕድሜ ልኬን ሳባርራቸው ፊታቸውን በቅጡ አላየሁትም። የማውቀው ጀርባቸውን ነው።»

የተራራው አናት የተከለለ ነው፤ አይታረስም፣ ከብትም አይሰማራበትም። ዝንጀሮውንና ወፉን ለማየት ከሩቅ አገር ሳይቀር ሰው ይመጣል። እኛ ከደጃችን እያየነው፣ ለማየት ብለን አንድም ቀን ወጥተን አናውቅም ነበር። አባታችን ከጎረቤት በቅሎ ለመኑላት።

በጭጋግ ወጣን። ጓሳው ሣር ጤዛ ተሸክሞ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ አራሰው። በቅሎዋ በረገጠች ቁጥር የጦስኝ ሽታ ከመሬት ይነሳል። እታለም ከበቅሎዋ ላይ ጎንበስ ብላ ልትቆርጥ ብትሞክርም እጇ አልደረሰም፤ እኔ ቆርጬ ሰጠኋትና ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

የተራራው ጥበቃ አሮጌ ካፖርት የለበሰ ጎልማሳ ነበር። ከአንድ ቋጥኝ ሥር አስቀመጠንና፣ «ዝም በሉ እንጂ እነሱ ራሳቸው ይመጣሉ» አለን።

መጡ። ፀሐይ ጭጋጉን ስትገልጠው ሜዳው በጭላዳ ተሞልቶ አየነው። ሣሩን ሲነጩ የሚሰማው ድምፅ በሩቁ እንደሚታጨድ ገብስ ነበር። ነፋሱ የወንዱን ጎፈር ያገላብጠዋል። ልጇን ያዘለች አንዲት እናት ወደ እኛ ቀረበች። እታለም እጄን ጨበጠችኝ፤ እጇ በረዶ ነበር።

ከዚያ ምን እንደነካት እሷም አላወቀችም። ብድግ አለችና፣

«ሃይ! ሃይ! ወግድ!»

ገደሉ ጩኸቷን ተቀብሎ መለሰው። ሜዳው በአንድ አፍታ ባዶ ሆነ። አንድም አልቀረ።

«እንዴ እህቴ!» አለ ጥበቃው፣ «እዚህ ደግሞ ምን እርሻ አለሽ?»

«ውይ፣ አፈር ልብላ!» አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «ልማድ ሆኖብኝ እኮ ነው!»

ሳቅን። ጥበቃው ሳቀ፣ እሷ ሳቀች፣ እኔም ድምፄን አውጥቼ ሳቅሁ። አባታችን ብቻ ወደ በቅሎዋ ዞረው ኮርቻውን ማስተካከል ጀመሩ። ያን ድምፅ ከሰማነው ስንት ጊዜ ሆኖን ነበር።

«ይመለሳሉ?» አለች፤ ድምፅዋ እንደገና ሄዶ በትንፋሽ ብቻ።

«ከጠበቅሽ ይመለሳሉ።»

ጠበቅን። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ የገደሉን አፋፍ ታያለች። ቀድሞ የተመለሰው ግን ጭጋጉ ነበር። ብርዱ ሲበረታ አባታችን ጋቢያቸውን አለበሷትና፣ «በይ ልጄ፣ ሌላ ቀን እናያቸዋለን» አሏት።

«እሺ አባባ» አለች። ቁልቁል ስንወርድ ወደ ኋላ እየዞረች ታይ ነበር።

ሌላ ቀን አልመጣም። ወረፋው ሳይደርሳት፣ የሚቀጥለው ዓመት ገብስም ሳያሸት አረፈች።

ትናንት ጦስኙን ሳልገዛ ተመለስኩ። በሹራቧ ኪስ ያለው ደቆ ዱቄት ቢሆንም ሽታው ገና አልለቀቀም።

አሁን ማማው ላይ የምወጣው እኔ ነኝ። እጮሃለሁ። መጀመሪያ ቀን ድምፄን ስሰማው ራሴ ደነገጥኩ። ዝንጀሮዎቹ ግን እንደ እሷ ጊዜ አይበረግጉልኝም፤ ትንሽ ራቅ ይሉና ዞረው ፊት ለፊት ያዩኛል። እኔም ቶሎ አልደግምም። ፊታቸውን አይላታለሁ።