የመሪጌታ በእውቀቱ መንጋጋ

መሪጌታ በእውቀቱን የማያውቅ የላሊበላ ሰው ካለ፣ ገና ዕለት ተኝቶ የሚውል መሆን አለበት። ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከዓለቱ አፋፍ ላይ ተሰልፈው፣ ከታች ግቢው ውስጥ ከቆሙት ጋር እየተቀባበሉ ሲያዜሙ፣ ከላይኞቹ መሃል ተለይቶ የሚወርደው ድምፅ የእሳቸው ነበር። እኔ ከዜማ ቤታቸው ሸሽቼ አስጎብኚ የሆንኩ ሰው ነኝ። በአለንጋቸው አሳምረው ቀጥተውኛል፤ ያም ሆኖ ያን ድምፅ ስሰማ ሆዴ ይባባ ነበር። ሌላ ሀብት አልነበራቸውም። ማዕረጋቸውም እንጀራቸውም እሱ ነው።

ከሚሌኒየሙ በኋላ ባለው ዓመት፣ መስቀል እንዳለፈ፣ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ሕመም ያዛቸው። ቅርንፉድ ነከሱበት፣ በአረቄ ተጉመጠመጡ፤ አልለቀቃቸውም። እያስተማሩ በመሃል ጉንጫቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። ባለቤታቸው ወለተ ሐና "ይነቀልና ይረፉ" ብትላቸው፣ "ጥርስ ከጎደለ ቃሉ ይሾልካል" ብለው እምቢ አሉ። ደሴ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ጥርስ ሳይነቅሉ ከሥሩ እንደሚያክሙ ሰምቼ ነበርና፣ ለምኜ ለምኜ ወሰድኳቸው።

ከመሄዳችን በፊት ግን ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ወዳለው ገዳም፣ አሸተን ማርያም ወጥተው ተስለው ኖሯል። ሕመሙን ካነሳሽልኝ በኅዳር ጽዮን ከጉባኤው ፊት ቆሜ ተአምርሽን እመሰክራለሁ ብለው። እኔ ይህን የሰማሁት በኋላ ነው።

ሐኪሟ ዶክተር አሲያ ትባላለች፤ የወረባቦ ልጅ። ድዳቸውን አደንዝዛ ጥርሱን ከላይ ከፈተችና፣ በመርፌ ቅጥነት ባላቸው መሣሪያዎች የታመመውን ነርቭ ከሥሩ ጠርጋ አወጣችው። ከዚያ ቀዳዳውን በነጭ ነገር ደፈነችው።

"አብሽሩ አባቴ፤ ግን በደንብ ያድምጡኝ" አለቻቸው። "ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? እኔም ከሥሩ ጀምሬያለሁ፤ አልጨረስኩም። ነርቩ ስለወጣ ከእንግዲህ ላያምዎት ይችላል። ሕመሙ ጠፋ ማለት ዳኑ ማለት አይደለም። ይህ ድፍን ጊዜያዊ ነው፤ ይሰነጠቃል። በቀጠሮዎ ቀን ይመለሱልኝና ሥሩን አጽድቼ እስከ ታች እደፍነዋለሁ፤ ከላይም ቆብ እናለብሰዋለን። ከቀሩ ግን መግሉ እርስዎ ሳያውቁት ከሥር ይሠራል። እስከዚያው በዚያ በኩል ጠንካራ ነገር እንዳያኝኩ።"

"እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ" አሉ።

እውነትም ሕመሙ ጠፋ። ኅዳር ጽዮን ዕለት አሸተን ላይ ከሕዝቡ ፊት ቆመው "እመቤቴ ሕመሜን ነቅላ ጣለችልኝ" ብለው መሰከሩ። እልልታው ገደሉን ሞላው። ደሴን በስሟም አላነሷት። ዋሹ አልልም፤ በእሳቸው ልብ ስለቱ ቀድሟል፣ ደሴ ተከትላ የመጣች ናት። ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ "መሪጌታ፣ እንሂድ እንጂ" አልኳቸው።

"በጉባኤ ፊት ድኛለሁ ብዬ ለዚያው ጥርስ መኪና ልሳፈር? ሕዝቡ ምን ይላል? የእመቤቴን ተአምር እኔ ላቃልል?"

"ሐኪሟንስ የፈጠረ እግዜር አይደለም?" ብዬ ጮህኩባቸው። በመምህሬ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

"እሱስ እሱ ነው" አሉ። አልሄዱም።

የነቢያት ጾም ነበርና ቆሎ ይቆረጥማሉ። ድፍኑ ተሰብሮ ወጣ። ሕመም ስላልነበረው ቀዳዳውን ከገዳሙ ባመጡት እምነት፣ በዚያ በተባረከው አፈር ሞሉት። ገና ሲቃረብ ጉንጫቸው አበጠ። እብጠቱ ወደ አገጫቸው ሥር፣ ከዚያም ወደ አንገታቸው ወረደ። ምራቅ መዋጥ አቃታቸው። ትንፋሻቸው ሲያጥር ፈቃዳቸውን ሳንጠይቅ ተሸክመን መኪና ላይ ጫንናቸው። ደሴ ላይ ሐኪሞች አንገታቸውን ቀደው መግሉን አወጡ፤ ጥርሱም ተነቀለ። ዶክተር አሲያ ሰምታ ልትጠይቃቸው መጣች። አልጋው ግርጌ ቆማ "ትንሽ ነበር እኮ የቀረኝ" አለችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ነፍሳቸው ተረፈች። ቁስሉ ሲሽር ግን ሥጋው ተኮማትሮ መንጋጋቸውን ቆለፈው። ማንኪያ በጎን ካልሆነ አይገባም፤ የሚኖሩት በአጥሚት ነው። በከንፈራቸው ጥቂት ያወራሉ። ዜማ ግን አፍ መክፈት ይፈልጋል፤ ዜማ ቤቱን ሌላ መምህር ያዘው። በቀጣዩ ገና ከታች፣ ከሕዝቡ መሃል፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ቆመው አየኋቸው። አጠገባቸው መቆም አልቻልኩም፤ ጥያቸው ሄድኩ።

አገሩ ደግሞ ምን አለ መሰላችሁ? "መሪጌታ ተአምሯን መስክረው ሐኪም ቤት ስለሄዱ አፋቸው ተዘጋ" አለ። እኔ ነገሩ እንዲህ ነው ብል "አንተን ፈረንጅ አበላሽቶሃል" ይሉኛል። የማይሰማ ሕዝብ!

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ሴት ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል፣ ያበጠ ጉንጯን በሻሽ አስራ ደጃቸው መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ። "አባቴ፣ የጥርስ ነገር ገደለኝ። እመቤታችን እንዴት እንዳነሳችልዎ ይንገሩኝና አሸተን ልውጣ" አለቻቸው።

መሪጌታ ተነሡ። ጥርሳቸው እንደተገጠመ፣ የአንገታቸው ጅማት እስኪገተር እየታገሉ፣ "ደሴ ሂጂ ልጄ። ሐኪም ዘንድ። ሕመሙ ቢተውሽም እስኪጨርሱልሽ ተመላለሺ" አሏት። እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ተሰማ።

ሴትዮዋ የማይከፈተውን አፋቸውን ትክ ብላ አየችው። "ይቅር ይበሉኝ አባቴ" አለች፤ "እርስዎን እንዲህ ያደረገዎ ደሴ መሄድዎ አይደል?" አማተበችና ወደ አሸተን ዳገት አቀናች።

"አንቺ ሴት፣ ቁሚ!" ብዬ ተከተልኳት። እርምጃዋን ጨመረች እንጂ አልቆመችልኝም። ስመለስ መሪጌታ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ለልቅሶም አፋቸው አይከፈትም።