በደባርቅ የተራመደልኝ ሰው

ዓመተ ምሕረቱ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ይሁን አሥር፣ አላረጋግጥም። የዚያ ዓመት ስቅለት ምሽት ዝናብ ነበር እላለሁ፤ ባለቤቴ ግን ልብስህ ደረቅ ነበር ትለኛለች። የማልጠራጠረው ሐኪሙ «ስኳርህ ከፍ እያለ ነው፤ በእግርህ ካልሄድህ መድኃኒት እጀምርልሃለሁ» ማለቱንና እኔም ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ መተዌን ነው።

ያጸናኝ ውድድር ነው። ሳንጃ የሚኖሩ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ እርምጃ በሚቆጥር የስልክ መተግበሪያ እንጋጠም አሉኝ። አጣማሪም ፈለጉልኝ፤ ደባርቅ ላይ ጨርቅ የሚነግዱ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ የጎንደር ተወላጅ ሐጂ። ከድምፃቸው በቀር አላውቃቸውም። ሕጉ ጨካኝ ነበር፦ ለጥንዱ የሚያዘው ከሁለቱ ያነሰ የሄደው ሰው እርምጃ ብቻ ነው። በሰነፍሁ ቁጥር አይቻቸው የማላውቃቸውን ሰው ድካም ከንቱ አስቀር ነበር። የሐኪሙ ማስፈራሪያ ያልቻለውን ይህ ኀፍረት ቻለው፤ ከቤቴ ከፀዳ እስከ አዘዞ በየማለዳው እመላለስ ጀመር።

እኩል ለእኩል እንደ ሆንን የመጨረሻው ቀን ስቅለት ላይ ዋለ። አዘዞ ቤተ ክርስቲያን ውዬ ስሰግድ ስልኩን ከኪሴ ማውጣት ረስቼ ኖሯል፤ ስግደቱን ሁሉ እርምጃ ብሎ ቆጠረው። ከቅጥሩ ስወጣ ሳንጃዎቹ ለእኔም ለሐጂም የላኩት የድምፅ መልእክት ጠበቀኝ።

«ስማ እንጂ መምህር፣ የሰገድኸው ለፈጣሪ ነው ለቡድኑ?» ይላል አንደኛው። ሁለተኛው ከኋላ «ንስሐ አባቱ ይወቁት!» እያለ ይስቃል።

ልከራከራቸው ስል ሐጂ ደወሉ።

«ተው መምህር፤ የስግደት ዋጋው በላይ ነው፣ እዚህ አይመነዘርም። ከበሩ ጀምረህ እንደ አዲስ ቁጠር።»

«እህል ውኃ ሳልቀምስ ነው የዋልሁት ሐጂ። ጉልበቴ አልቋል።»

«ምነው፣ እኔስ ረመዳንን ጾሜ ሱቅ እቆም የለም? ቀስ ብለህ ሂድ። እኔም ከዚህ አብሬህ እሄዳለሁ።»

ስልኩን በጆሮዬ ይዤ ሄድሁ። ቤቴ ደረስሁ፤ አልገባሁም፣ አልፌው ሄጄ ተመለስሁ። ሐጂ ስለ ደባርቅ ብርድ ያወሩኛል፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። በጥቂት አሸነፍን። «ሸጋ! ያለ ስግደትም ትችላለህ ለካ» አሉኝ ሳንጃዎቹ። በቀጣዩ ምርመራ ሐኪሙ መድኃኒት አላዘዘልኝም። ዛሬም እሄዳለሁ፤ ከዲግሪዬ ይልቅ በዚህ እኮራለሁ።

ቆይቶ ግን አንድ ጥርጣሬ ገባኝ። ሐጂ ቀትር ሳይሞላ እኔ ማታ ከደረስሁበት በላይ ሄደው ነበር፤ በሕጋችን ከዚያ በኋላ ቢሄዱ ለቡድኑ የሚጨምሩት የለም። ሱቃቸው ቁጭ ብለው አበረታትተውኝ፣ ትንፋሹን እኔ ፈጥሬው ይሆን? ብጠይቃቸው «አንተ ሄደሃል፤ የእኔን ምን ታደርገዋለህ?» ብለው ሳቁ።

በኋላ ለሥራ ደባርቅ ስሄድ የሱቅ ጎረቤታቸውን ጠየቅሁት። አልተጠራጠረም። «የስቅለት ዕለት አይደል? ሱቁን ዘግተው፣ ስልኩን በጆሯቸው ይዘው አስፋልቱን ሲመላለሱ አይቻለሁ። ‹ይግቡ እንጂ ሐጂ› ብላቸው እንቢ አሉ፤ ያን ሁሉ ዝናብ ሲመታቸው አመሸ።»