ሁለት የሞት ቀን

ወንድሜ ጦር ሜዳ ላይ መሞቱን የሰማነው ከሞተ ከሰባት ወር በኋላ ነው። ቄስ የሆኑት አባታችን መርዶው በመጣበት ዕለት ፍትሐት ፈቱለት፤ አርባውንም ከዚያው ቀን ቆጥረው ተዝካሩን አወጡ። ሬሳ ሳይመጣ ሲቀር በእኛ ደብር የሚደረገው እንዲህ ነው፤ ማንም ነውር አላለውም።

ጣጣው የመጣው የሚስቱንና የልጁን ጡረታ ለማስከበር የደብሩ ማስረጃ ሲጠየቅ ነው። አባቴም «የሞተበት ቀን» በሚለው ቦታ የመርዶውን ቀን ጻፉ። እኔ መምህሩ፣ ፊደል ቆጠርኩ ባዩ፣ ሳላነበው ይዤ መካነ ሰላም ከተማ ወደ ጡረታ ቢሮው ሄድኩ። ከሠራዊቱ የመጣው ወረቀት ደግሞ እውነተኛውን ቀን ይዟል። የቢሮው ጸሐፊ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ «ሰው ሁለቴ አይሞትም፤ አስተካክላችሁ አምጡ» አለ።

አባቴ አላስተካክልም አሉ። ምክንያቱንም አይናገሩም። አምስት ወር እንዲህ አለፈ። የወንድሜ ሚስት ልጇን አዝላ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተች፤ ጸሐፊው በሄደች ቁጥር «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ይላታል። አብሽሪ ራት አይሆንም። መጀመሪያ በጎቿን ወደ ከላላ ከተማ ገበያ አውጥታ ሸጠች፤ ቀጥላ ለዘር ያስቀመጠችውን ገብስ ፈጨች።

የዘሩን ገብስ ፈጨች ሲሉኝ ትዕግስቴ አለቀ። አባቴን ከቅዳሴ ሲወጡ ጠብቄ፣ «ለሟቹ ተዝካር ያልሰሰቱ ሰው ለሕያዋኑ አንዲት መስመር ይነፍጋሉ?» አልኳቸው።

ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ሰባት ወር ሙሉ በየቅዳሴው ‹ልጄን በሕይወት መልስልኝ› እያልኩ የለመንኩት ለሬሳ ነበር ብዬ ልጻፍ ነው የምትለኝ?»

ቢሆንም አልተውኳቸውም፤ ብዕሩን እጃቸው ላይ አስያዝኳቸው። በዚህ እስከ ዛሬ ራሴን እጠላለሁ፤ ያ ቀን ቢመለስ ግን ያንኑ አደርጋለሁ። ቀኑን ጻፉ፤ የደብሩንም ማኅተም መቱበት።

በማግስቱ ጸሐፊው አየት አድርጎ ፈረመ። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። «አያችሁ፣ ቀላል ነገር ነበር እኮ» አለን። የወንድሜ ሚስት ጎንበስ ብላ አመሰገነችው፤ እኔ ጥርሴን ነከስኩ።

አባቴ ዛሬም ይቀድሳሉ። አንዲት እናት መጥታ «ልጄ ዘምቷልና በጸሎት ያስቡልኝ» ስትላቸው ግን ወደ ሌላው ቄስ ይልኳታል።