ሳይሰናበቱ መውጣት

አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት በማተሚያ ቤት መጽሐፍ ሲጠርዙ የኖሩ ሰው ነበሩ። ከጣታቸው ሙጫ ስለማይጠፋ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሙጫ» ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል። እኔ በዚያው ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርሁና ዘወትር ጠዋት ከደጃቸው እየደረስሁ አብረን በእግር እንሄድ ነበር።

አክስቴ በሕይወት ሳሉ አንድ የማይታጠፍ ልማድ ነበራቸው። ባላቸው ሊወጡ ሲሉ እስከ በሩ ይከተሏቸዋል። የኮታቸውን ኮሌታ ያቃናሉ፤ «መነጽርህን ይዘሃል? መሐረብህስ? ቁልፍህስ?» ይላሉ፤ ከዚያ ምርቃቱ ይቀጥላል። ምርቃቱ አለቀ ሲባልና አጎቴ ደረጃውን መውረድ ሲጀምሩ ደግሞ ሌላ ምርቃት ከላይ ይወርድባቸዋል። «አንቺ ሴት፣ ሥራ ልሄድ ነው እኮ፣ ጦር ሜዳ አይደለም!» ሲሉ እታች ቆሜ እሰማለሁ። ሆኖም አንድ ቀን እንኳ ሳይመረቁ ወጥተው አያውቁም።

አክስቴ ባረፉ በስድስተኛው ወር የማተሚያ ቤቱ ዘበኛ አንድ ቡችላ ሰጣቸው፤ ቡናማ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ እግሩ ከአካሉ የገዘፈ። በመጀመሪያው ሳምንት መጋረጃውን ቀደደ፣ ትራሱን ዘርግፎ ጥጡን በየማዕዘኑ በተነ፣ የወንበሩን እግር ግማሽ ድረስ በላው። ስሙም «መቀስ» ተባለ። አጎቴ ቤት ሲውሉ ግን ከእግራቸው ሥር ተጋድሞ የሚውል የተባረከ ፍጥረት ነበር። ጥፋቱ ሁሉ የሚመጣው በሩ ሲዘጋ ነው። ያን ጊዜ እንጨቱን በጥፍሩ ይቦጫጭራል፣ ያላዝናል፣ ግቢውን በጩኸት ያናውጣል።

ምድር ቤት የምትኖረው የቤቱ ባለቤት በወሩ መጀመሪያ አንድ ማለዳ ወጥታ የተቦጫጨረውን በር በጣቷ ዳሰሰች።

«ጋሼ፣ እኔ ቤቱን ያከራየሁት ለጠራዥ ነው። እርስዎ ግን አናጢ አስገቡብኝ!»

«ልጅነት ነው፣ እትዬ፤ ያልፍለታል።»

«በሩ ከማለቁ በፊት ይለፍለታ! እስከ ወሩ መጨረሻ ካልታረመ ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ ሁለታችሁም።»

ያን ዕለት መንገዱን ስናጋምስ አጎቴ፣ «እሱን ከሰጠሁት ቤቴ ውስጥ የሚጠብቀኝ ነፍስ አይኖርም» አሉኝ።

መጀመሪያ በቁጣ ሞከሩት። ማታ ሲመለሱ የተቀደደውን እያሳዩ «ይህ ምንድን ነው?» ይሉታል፤ እሱም ጆሮውን ጥሎ መሬት ለመሬት ይሳባል። በማግሥቱ ጥፋቱ ይብሳል። ቀጥለው ብቸኝነት የጎዳው መሰላቸውና በደግነት ሊያጽናኑት ተነሡ። በሩ ሥር ተንበርክከው አንገቱን እያሻሹ፣ «መቀስዬ፣ አይዞህ፣ እመለሳለሁ፣ እግዚአብሔር ይጠብቅህ፣ ከክፉ ይሰውርህ» ይላሉ። ስንብቱ በየቀኑ ረዘመ፤ እኛም ከሥራ ማርፈድ ጀመርን። የአክስቴን ቃል አንድ በአንድ እየደገሙት እንደ ነበር የገባው ለእኔ ብቻ ነው።

ከላይኛው ፎቅ የምትኖር አንዲት ነርስ ነበረች፤ ሌሊት እየሠራች ቀን የምትተኛ። አንድ ጠዋት ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ቆማ ስንብቱን እስከ ፍጻሜው አዳመጠች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ ቡችላ መንቀጥቀጥ የሚጀምረው ሲወጡ አይደለም፤ ሲያጽናኑት ነው።»

«እንዴት ሆኖ፣ ልጄ?»

«አንድ ሽማግሌ እንባ አቅርሮ ሩብ ሰዓት ሙሉ ‹አይዞህ፣ አይዞህ› ቢለኝ እኔም የምሞት ነው የሚመስለኝ! ሆስፒታል ሁልጊዜ የማየው ነው። ዘመድ አልጋውን ከቦ ሲነፋረቅ በሽተኛው ያልታመመውን ይታመማል።»

እኔ ሳቅሁ። አጎቴ አልሳቁም።

«ታዲያ ከገዛ ቤቴ እንደ ሌባ ሹልክ ብዬ ልውጣ?»

«እንደ ሌባ ሳይሆን እንደሚመለስ ሰው።»

በዚያው ሳምንት አጎቴ ለዓመታት ሳይወስዱ የቆዩትን ዕረፍት ጠየቁ። ማተሚያ ቤቱም መሳለቂያ አገኘ፤ «ጋሽ ሙጫ ቡችላ ሊያስተምሩ ዕረፍት ወጡ!» ተባለ።

ነርሷ መንገዱን አሳየቻቸው፤ መጠኑን ግን እሳቸው ከሙያቸው አመጡት። አዲስ የተጣበቀ መጽሐፍ በብረት መጭመቂያ ሲጫን መዘውሩ በአንድ ጊዜ አይጠብቅም፤ ሩብ ዙር ይጠብቃል፣ ይታያል፣ ሌላ ሩብ ይጨመራል። ቡችላውንም እንዲሁ ያለማምዱት ጀመር፤ ኮትና ቁልፍ ሲያይ እንዳይደነግጥ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወንበራቸው ላይ ቁጭ ይላሉ። ቁልፉን ሃያ ጊዜ አንሥተው ሃያ ጊዜ ያስቀምጣሉ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ወጥተው ይመለሳሉ፤ ከዚያ ሁለት፤ ከዚያ አምስት። ማለዳ ማለዳ ቡችላውን እስኪደክመው በእግር ያዞሩታል፤ ሲወጡም ውስጡ ሥጋ የተጠቀጠቀበት የላስቲክ ኳስ ይተዉለታል። ሲገቡ ዘሎ እስኪበርድለት ድረስ ዓይኑን አያዩትም።

በስምንተኛው ቀን ልባቸው ሞልቶ ከዐሥር ደቂቃ ወደ አንድ ሰዓት ዘለሉ። ሲመለሱ የበሩ ምንጣፍ አልነበረም፤ ክሩ ብቻ ነበር። «መዘውሩን በአንድ ጊዜ አጠበቅሁት» አሉና ከአምስት ደቂቃ እንደገና ጀመሩ፤ ዕረፍቱ ሊያልቅ ሲል ግማሽ ቀን ደርሰው ነበር።

የከበዳቸው ግን ሳይሰናበቱ መውጣቱ ነበር። ሥራ በተመለሱበት ጠዋት በሩ ላይ አየኋቸው። እጃቸው እጀታውን ጨብጧል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አይወጣም። ኳሱን መሬት ላይ አኖሩ፣ ወጡ፣ ዘጉ። ደረጃውን ጨርሰን እስክንወርድ ከኋላችን ምንም አልተሰማም።

በወሩ የመጨረሻ ቀን ባለቤቲቱ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ስታዳምጥ ነርሷ ደረሰችባት።

«ዝም ብሏል። ሞቶ ይሆን እንዴ?»

«ዝም ይበሉ እትዬ፣ እንዳይቀሰቅሱት! እኔም የምተኛው አሁን ነው።»

ማታ ስንመለስ ባለቤቲቱ ደጅ ቆማ ጠበቀችን። «ይቀመጥ እንግዲህ» አለች፤ ጥቂት አሰብ አድርጋም፣ «በሩን ግን ያስቀቡልኛል» ብላ ገባች። አጎቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡ።

ማግሥቱ እሑድ ነበር። ቡችላው ከመጣ ወዲህ አጎቴ ወደ አክስቴ መቃብር ሲሄዱ በጥድፊያ ነበር፤ ዓይናቸው ከሰዓታቸው ላይ አይነሣም፤ ደርሰው ወዲያው ይመለሱ ነበር። ያን ቀን ከጸሎት በኋላ አብሬያቸው ሄድሁ። የበቀለውን ሣር በእጃቸው ነቃቀሉ፣ አቧራውን ከድንጋዩ ላይ ጠረጉ፣ ኮታቸውን አውልቀው አጣጠፉና በላዩ ተቀመጡ። «አንተ ሂድ» አሉኝ፤ «እኔ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ የማጫውታት ነገር አለኝ።»