ሁለት ጾመኞችና የናፍጣ ቱቦ

ባለቤቴ ጉልበቱ ከታመመ በኋላ እርሻው ድረስ በእግሩ መውረድ አቃተው። እርሻችን ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ነው፤ ሽንኩርትና ማሾ እንዘራበታለን፣ ሰባት የማንጎ ዛፍም አለበት። ባጃጅ እስከ አስፋልቱ ጫፍ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ድንጋይና አሸዋ ነው። ልጆቹ መሬቱን ለእኩል ስጠው አሉት፤ ሌላ ሰው ይረሰውና ምርቱን ተካፈሉ ማለታቸው ነው። እሱ እንቢ አላለም። ግን ከግቢያችን ጥግ፣ ከቆርቆሮው መጠለያ ሥር፣ ስምንት ዓመት ሙሉ በድንጋይ ላይ የቆመች ፒክአፕ ነበረችን።

«ይህቺ ከተነሳች መሬቱን አልሰጥም» አለ።

ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ አይዞህም አላልኩትም። ቤት የዋለ ወንድ ሥራ ካላገኘ ወጥ ቤት ይገባል። የጨው ዕቃዬን ቦታ ሦስት ጊዜ ቀይሮብኝ ነበርና ወደ መኪናዋ መሄዱን ወደድኩለት።

ሥራው ሁለት ዓመት ፈጀ፤ እስከዚያ እርሻውን በቀን ሠራተኛ እናሠራው ነበር። አጋዡ ጎረቤታችን ነበር፤ ዕድሜውን በመካኒክነት የጨረሰ፣ ከባለቤቴ ጥቂት ዓመት የሚያንስ፣ አፉ የማያርፍ ሙስሊም ሰው ነው። ሞተሩን አውርደው በአሮጌ የአልጋ ብረት ላይ አስቀመጡትና እየፈቱ ብሎኑን ሁሉ በአንድ ጣሳ ይጨምሩ ጀመር። እኔ ጡረታ እስክወጣ የእርሻ ድርጅት ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ያንን ጣሳ አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ያረጀ አንሶላ በቀጭን በቀጭኑ ቀደድኩና በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ከየት እንደወጣ ጽፌ አሰርኩበት። «የሞተር ክዳን፣ በግራ፣ ሦስተኛው።» እንዲህ እያልኩ።

«እትዬ፣ ይሄ የክትባት ካርድ ነው እንዴ?» አለ መካኒኩ። «ብሎኑን ኩፍኝ ይይዘዋል ብለው ነው?»

ማሰሬን ቀጠልኩ። መገጣጠሙ ሲጀመር ግን ጠዋት ጠዋት ከበሩ ቆሞ «እትዬ፣ ግምጃ ቤቱ ተከፍቷል?» ይል ነበር።

ሞተሩ ተገጥሞ ያለቀው የእኛ ዐቢይ ጾምና የእነሱ ረመዳን በአንድ ሳምንት በገቡበት ዓመት ነው። ባለቤቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፉ አይዞርም፤ መካኒኩ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትገባ። ቆላው ሲጋገር ሁለቱም ከንፈራቸው ደርቆ በሞተሩ ላይ እንዳጎነበሱ ይውላሉ። ጾማቸውም መቀላለጃቸው ነበር።

«የእናንተማ ምን ጾም ነው፤ ማታ ሥጋ ትበላላችሁ» ይላል ባለቤቴ።

«የእናንተስ ጋሼ? ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽሮው ላይ የምትወርዱበትን አይቻለሁ። ወላሂ፣ ሽሮው ሥጋ ቢሆን ይሻለው ነበር።»

«ጾመኛ አይምልም።»

«ለሽሮው አዝኜ ነው።»

እኔ ያን ጊዜ አልጾምም። ስኳር አለብኝ፤ መድኃኒቴ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። የንስሐ አባቴ ሰምተው ፈቅደውልኛል። ቢሆንም መፈቀዱ ሌላ፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት ማላመጥ ሌላ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እስከዚያ ዓመት አንድም ዐቢይ ጾም አፍርሼ አላውቅም። ስለዚህ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆሜ ዳቦዬን ቶሎ እበላና አፌን ተጉመጥምጬ እወጣ ነበር። ባለቤቴ ያውቃል፤ አንስቶብኝ ግን አያውቅም። ከእሱና ከንስሐ አባቴ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም።

የመሬቱ ውል ለአንድ ረቡዕ ተቀጠረ። የሚያርሰው ሰው ሁለት ሽማግሌ ይዞ በስድስት ሰዓት ሊመጣ ነው። ከዚያ በፊት መኪናዋ ካልተነሳች ባለቤቴ ይፈርማል፤ ለልጆቹ ቃል ገብቷል። ጠዋት ሁለቱም በጊዜ ተነሱ። የመኪናዋ የናፍጣ ማጠራቀሚያ በዝገት ስለተበላ ጀሪካን በጣሪያዋ ላይ አስረው ቱቦ ወደ ሞተሩ አወረዱ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ይሽከረከራል፣ አይነሳም። ናፍጣው ወደ ታች አልወረደም፤ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ብቻ ነው። መሳቢያው የእጅ ፓምፕ ደግሞ ላስቲኩ ተቀዶ አይሠራም።

ይህ መላ አለው፤ ማንም ሹፌር ያውቀዋል። የቱቦውን ጫፍ በአፍ ስቦ ናፍጣው ሲመጣ ቶሎ መሰካት ነው።

መካኒኩ ቱቦውን አንስቶ አየውና ለባለቤቴ ሰጠው። ባለቤቴ ተቀብሎ አየውና መለሰለት።

«እርስዎ ይሳቡት ጋሼ፤ የእናንተ እኮ በዘጠኝ ሰዓት ያልቃል።»

«አሁን አራት ተኩል ነው። አንተ ሳበው፣ ትተፋዋለህ።»

«አንዲት ጠብታ በጉሮሮዬ ብትወርድስ? ቀኔን ልጥላት ነው?»

ቱቦውን በእጃቸው እያሹ አናወጡት፣ ጀሪካኑን ከፍ አደረጉት፣ የጀሪካኑን አፍ በጨርቅ ወትፈው አየር ሊነፉበት ሞከሩ፤ አየሩ በጨርቁ ዳር አመለጠ። አልሆነም። አምስት ሰዓት አለፈ። ባትሪውም መድከም ጀመረ።

«ከመንገድ ሰው ልጥራ?» አለ መካኒኩ።

«ማንን ትጠራለህ?» አለ ባለቤቴ። «በዚህ ሰሞን የማይጾም ማን አለ?»

ይህን ሲል እኔ ጨርቅ ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ቀና ብሎ አላየኝም። ሆን ብሎ ወደ ጎማው ነበር የሚያየው። መሬቱ ከእጁ ሊወጣ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ቀርቶት እንኳ አንቺ አለሽ አላለኝም።

«አምጣው፣ እኔ እስበዋለሁ» አልኩ።

«ኧረ አይሆንም እትዬ» አለ መካኒኩ። «ጾም አይደሉም እንዴ?»

«አይደለሁም። የስኳር መድኃኒት እወስዳለሁ።»

 መካኒኩ ቱቦውን ጠርጎ በሁለት እጁ ሰጠኝ። «አላህ ያሽርዎት። ግን እትዬ፣ ይህን ይዘው ነው ጠዋቱን ሙሉ ያስለፉን?»

«እንዳትውጪው» አለ ባለቤቴ። 

መጀመሪያ አየር ብቻ መጣ። ሁለተኛውም አየር። በሦስተኛው አፌ ሞላ። ቱቦውን ለመካኒኩ ሰጥቼ ተፋሁ፤ ግማሹ ነጠላዬ ላይ ፈሰሰ። ስለ ጣዕሙ የምለው የለኝም። ባለቤቴ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አሳለው፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ዶሮዎቹ በአጥር ዘለሉ፣ ከዚያም ያዘ። ቆርቆሮው በላያችን ይንቀጠቀጥ ጀመር። ባለቤቴ መሪውን ጨብጦ ቀረ፤ ብለቀው ይጠፋል ብሎ ሳይሰጋ አልቀረም።

አራሹ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር በር ላይ የደረሰው በዚህ መሀል ነው።

«አልሰጥም!» ብሎ ጮኸ ባለቤቴ።

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«መሬቱን! አልሰጥም!»

አራሹ መኪናዋን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ። «እኛኮ ሙቀቱን ችለን በእግራችን ነው የመጣነው» አለ። «እንግዲያውስ ወደ ታች ይውሰዱን።» ሦስቱም ከኋላ ወጡ።

ሞተሩ ሳይጠፋ እንሂድ ተባለ። መካኒኩ ከኋላ ቆሞ ጀሪካኑን ደግፎ ያዘ፤ እኔ ከፊት ተቀመጥኩ። በሁለተኛ ማርሽ ወረድን፤ ሦስተኛው አልገባም ብሎ ነበር። ማሽላ የጫኑ አህዮች ቀደሙን። ከኋላ አንደኛው ሽማግሌ የአህዮቹን ነጂ እየጠራ መንገድ ስለዘጋን ይቅርታ ሲጠይቅልን ይሰማኛል።

እርሻው ዳር ስንደርስ ባለቤቴ ወርዶ ምርኩዙን ሳይዝ ቀጥ ብሎ ወደ ቦዩ ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉት። ጎንበስ ብሎ በእጁ ጭቃውን ሲከፍትና ውሃው ወደ ሽንኩርቱ ሲገባ አየሁ። በእኔ በኩል ያለው የመኪናዋ በር እጀታ ገና ከውስጥ አልተገጠመለትም። መጥተው እስኪከፍቱልኝ ጠበቅሁ፤ ውሃውን አስገብቶ ይጨርስ ብዬ አልተጣራሁም።